አርባ ሁለተኛዋ አንድም

ካሣነሽን ያንገበገባት የልጇ ደብተር መጥፋት አልነበረም፤ ደብተሩ የት እንዳለ ታውቃለች። ያንገበገባት «እሳት አቀጣጥላበት ይሆናል» መባሏ ነው። ይህን ያለው መንገደኛ ቢሆን ኖሮ ተራግማ ትተወው ነበር። ያለው ግን መሪጌታ ፊልጶስ ነው፤ ያውም በማኅበር ጠላ ላይ፣ ሰው ግጥም ብሎ በተቀመጠበት፣ «ፊደል ያልቆጠረች ሴት የደብተር ነገር ምን ታውቃለች? ወረቀት አይታ ምድጃ ከትታው ይሆናል» ብሎ።

ወሬውን ያመጣችላት ጎረቤቷ አመተ ማርያም ናት።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አለቻት ካሣነሽ።

«ምን እላለሁ እሜቴ፣ መሪጌታ ሲናገሩ ጣልቃ አይገባ። ጠላዬን ጠጣሁ።»

«ጎሽ! እኔን ሲበሉኝ አንቺ ጠጪ።»

አመተ ማርያም ተቀይማ ወጣች። ካሣነሽ ከመደቡ ላይ ሳትነሣ ግድግዳው ላይ የተሰኩትን ሁለት ኩላቦች አየቻቸው። የቀኙ ባዶ ነው። በግራው የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሏል። ያን ማኅደር ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ባሏ የኔታ ቀለመ ወርቅ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ በግቢያቸው ሰብስበው መጽሐፍ ሲያስኬዱ ኖረዋል። ትርጓሜ ቤት ንባቡ አንድ መስመር ነው፤ ፍቺው ግን መንደር ይሞላል። የኔታ አንዷን ቃል ያነሡና «እንዲህ ማለት ነው» ይላሉ። ያቺ ሳትደርቅ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሦስተኛ። ተማሪው በወረቀት አይዝም፤ በጆሮው ነው የሚይዘው። ካሣነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሽምብራ ትለቅማለች፤ ዓይኗ እንክርዳድ ሲለቅም ጆሮዋ አንድም ይለቅማል። ተማሪ ተደነቃቅፎ ሲቆም ከጓዳ ሆና የቀረችውን አንድም የምታቀብልበት ቀን ነበረ።

«አንቺ ሴትዮ» ይሉ ነበር የኔታ እየሳቁ፣ «ወንድ ብትሆኚ ወንበሬን ትወስጂብኝ ነበር።»

«ወንበርዎን ምን ላድርገው፤ እግሩ የተሰበረ ነው» ትላቸዋለች።

የሚያውቋት እሳቸው ነበሩ። ኩላሊታቸው አብጦ፣ ፊታቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው እንደ ግንድ ወፍሮ ሲሞቱ ያ ሁሉ አብሮ ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ ካሣነሽ የመምህር ሚስት የነበረች አሮጊት ናት፤ በቃ። ወንበሩን የወረሰው ፊልጶስ ከስማዳ የመጣ እለት እከክ የወረሰው፣ ደበሎው ላይ ቅማል የሚርመሰመስበት ልጅ ነበር። ደበሎውን በፈላ ውሃ የቀቀለችለት እሷ ናት። ዛሬ መሪጌታ ሆኗልና በሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ በሰው ፊት «ፊደል ያልቆጠረች» ይላታል።

የደብተሩ ነገር እንዲህ ነው።

አንድ ልጇ ባንተአምላክ የአባቱን መንገድ አልያዘም። ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ ንፋስ መውጫ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነ። ሚስት አላገባም፤ ከሥራ ሲወጣ ባጃጅ ይዞ፣ ባጃጅ ሲጠፋ በእግሩ፣ ወደ እናቱ ይመጣል። አንድ ቀን ኮቱን ሳያወልቅ መደብ ላይ ዘፍ አለና፦

«እማዬ፣ አንዲት ቃል አቃጠለችኝ» አላት።

«የማን ቃል? ሰው ተናገረህ?»

«የእንግሊዝ ቃል ናት። ‹ራን› ትባላለች። ሦስት ፊደል ናት እኮ! ልጆቹ ‹ሮጠ› ማለት ነው ብለው ይዘዋታል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ንባቡ ‹ውሃው ራን ያደርጋል› ሲል ውሃውን በእግሩ ያስሮጡታል። ‹ሴትዮዋ ሱቅ ራን ታደርጋለች› ሲልማ ሱቋን ተሸክማ ትፈረጥጣለች ብለው ጻፉልኝ።»

ካሣነሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፦

«አንተስ አባትህ ያደርጉ የነበረውን ለምን አታደርግም? አንድም በላቸው እንጂ» አለችው።

በማግስቱ ኪስ የምትገባ፣ ወፍራም፣ ሽፋኗ ጠንካራ የሆነች ደብተር ገዝቶ መጣ። አባቱ የዘወትር ጸሎት መጽሐፋቸውን ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ ባዶውን የቀረ ማኅደር ነበረ፤ ደብተሩን እዚያ ከተተና በግራው ኩላብ ላይ ሰቀላት። በቀኙ ኩላብ ላይ ደግሞ የዚያው መንታ የሆነ ሌላ ማኅደር አለ፤ አንድ ፋቂ በአንድ ቀን የሰፋቸው ናቸው። በቀኙ ውስጥ ያለው አባቱ በገዛ እጃቸው ለልጃቸው የጻፉለት የብራና ጸሎት ነው፤ ሰው ሲሞት መግነዙ ውስጥ ደረቱ ላይ ተደርጎ አብሮ የሚቀበረው፣ በወዲያኛው ዓለም ደጅ ላይ ስለ ሟቹ የሚናገርለት። ካሣነሽ ማንበብ አትችልምና በኩላባቸው ነው የምታውቃቸው፤ የቀኙ ጸሎት፣ የግራው ራን።

ከዚያ በኋላ ባንተአምላክ አዲስ ፍቺ ባገኘ ቁጥር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነብላታል። እሷም ትይዛለች። ባልመሰላት ላይ ትከራከራለች።

«አንድም መንገድ ተዘረጋ። መንገዱ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ ወሎ ራን ያደርጋል።»

«መንገዱ ሳይነቃነቅ?»

«ሳይነቃነቅ እማዬ።»

«ሰነፎች ናቸው እነዚህ ሰዎች። ለእያንዳንዱ ነገር ቃል ማውጣት ሰልችቷቸው ነው።»

«አባባ በግዕዝ ለአንዲት ቃል ሰባት ያወጡላት አልነበር?»

«ግዕዝን ተው። ግዕዝ ሀብታም ሆኖ ነው።»

ትምህርት ቤቱ በዘመኑ ግርግር ሲዘጋ ልጆቹ ተበተኑ፤ ደብተሩ ግን አልተዘጋም። የሚያስተምረው እናቱን ብቻ ሆነ። አርባ አንድ ደረሰ። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲያነብላት አርባ አንደኛዋን አለና ወደ አርባ ሦስተኛዋ ተሻገረ።

«ቆይ» አለችው። «አርባ ሁለተኛዋስ?»

«ገና አልጠራችልኝም።»

«ካልጠራች ለምን ቁጥር ሰጠሃት?»

ፊቱን ወደ ጉና ተራራ አዙሮ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «ትጠራለች እማዬ፤ ስትጠራ አነብልሻለሁ።» እግሩን አየችው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የካልሲው ላስቲክ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። አየችና ዓይኗን መለሰች። «ብርድ ነው» አለች ለራሷ። እግር የሚያሳብጥ ምን ዓይነት ብርድ እንደሆነ ግን ራሷንም አልጠየቀችም።

ነሐሴ ላይ ታሞ ተኛ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ ተባለ፤ መንገዱ ተዘግቷል። ይከፈታል ተባለ፤ ተከፈተና መኪና ሳይገኝ እንደገና ተዘጋ። ተኝቶም ደብተሩን ያስወርዳታል። የአባቱንም ጸሎት ከትራሴ ሥር አድርጊልኝ አላትና አደረገችለት። መስከረም ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት አጥሚት ይዛ ስትገባ ደብተሩ ደረቱ ላይ ተከፍቶ ነበር። እሱ የለም።

ጎረቤት ሳይሰማ፣ ገና ሳትጮህ፣ ደብተሩን ከደረቱ ላይ አነሣች። ጸሎቱን ከትራሱ ሥር አወጣች። የትኛውን በየትኛው ማኅደር እንደከተተች፣ የትኛውን በየትኛው ኩላብ እንደሰቀለች አታስታውስም። እጇ ሠራ እንጂ ልቧ አልነበረም። ከዚያ ጮኸች።

ቀብሩ የተጣደፈ ነበር፤ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ለመቆም የሚፈራበት ሰሞን ነው። መሪጌታ ፊልጶስ «ጸሎቱስ?» ሲላት ከቀኙ ኩላብ አውርዳ ሰጠችው። ማኅደሩን ተቀበለ፣ ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው፣ ሳይፈታው መግነዙ ውስጥ ደረቱ ላይ አደረገለት። አፈር ለበሰ።

በአርባው ዋዜማ ብቻዋን ነበረች። የልጇን እጅ የነካ ነገር መንካት አማራትና የግራውን ማኅደር አወረደች። ማሰሪያውን ፈታች። ጣቷ ወረቀት ሲጠብቅ ያገኘው ቆዳ ነው። አንዱ ፊት ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ። ገለጠችው፤ ጥቁር ቀለም፣ በየመካከሉም ቀይ ቀለም። ፊደል አታውቅም እንጂ የባሏን እጅ ታውቃለች።

ልጇ በወዲያኛው ደጅ ላይ ቆሞ «ምን ይዘህ መጣህ?» ሲባል የሚያወጣው ምንድን ነው? ራን። አንድም ራን፣ አንድም ራን፣ አርባ ሦስት ጊዜ ራን።

ለማንም አልተናገረችም። «የቀለመ ወርቅ ሚስት ልጇን ያለ ጸሎት ቀበረችው» ከሚባል «ደብተር አቃጠለች» ቢባል ይሻላል ብላ መርጣ ነበር። ሲባል ግን ያንገበግባል።

አመተ ማርያም ተቀይማ በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መምህር ላቀው መጣ። ከባንተአምላክ ጋር አንድ ክፍል ያስተምር የነበረ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ለደብተሩ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነው።

«እትዬ ካሣነሽ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አለሁ። እኔ ምን እሆናለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠና ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ። «ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ልጆቹ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ስለመጡ የሚያውቁትንም ረስተዋል። የባንተአምላክን ደብተር አባዝተን ብንሰጣቸው… ስሙንም ከላይ እንጽፈዋለን። ያኔ ‹በአንድም› ያስተማራቸው ዛሬም ድረስ አልረሱም እኮ።»

«ደብተሩ የለም ብዬሃለሁ።»

«ምናልባት ሳያስቡት… እንዲሁ ሌላ ወረቀት መስሎዎት…»

አልጨረሰውም። ዓይኑ ግን ሸርተት ብሎ ሄዶ ምድጃው ላይ ዐረፈ፤ ወዲያው ደንግጦ ተመለሰ። ካሣነሽ አየችው።

«እ! አንተም ሰማህ?»

«ምኑን እትዬ?»

«ምድጃዬን ምን ታየዋለህ? የልጄ አመድ ታየህ?»

«ኧረ በማርያም እትዬ! እኔ እንዲያ…»

«ብዕርህን አውጣ።»

«ለምን?»

«አውጣ አልኩህ! ጻፍ። አንድም ሮጠ።»

ላቀው ፈገግ ሊል ፈለገና ፊቷን አይቶ ተወው። ደብተርና ብዕር አወጣ። ካሣነሽ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የኔታ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ በነበረው አቀማመጥ ጀመረች።

«አንድም ሮጠ። አንድም ኮበለለ፤ ‹ልጁ ከቤቱ ራን አደረገ›። አንድም ፈሰሰ፤ ውሃም ቢሆን፣ የሕፃን አፍንጫም ቢሆን። አንድም ሞተር ተነሥቶ ሠራ፤ ወፍጮው ራን ያደርጋል እንዲሉ። አንድም ሱቅ ያዘ፣ ቤት አስተዳደረ። ቀስ ብዬ ልበልልህ?»

«ይ… ይበሉ። እየጻፍኩ ነው።»

«አንድም ለምርጫ ተወዳደረ። አንድም አለቀ፤ ይህቺ ብቻዋን አትቆምም፣ አጠገቧ አንዲት ትንሽ ቃል ታቆማለህ፤ ‹ዘይቱ አለቀ› ስትል። አንድም መኪና ሰው ዳጠ፤ ይህችም ጓደኛ ትፈልጋለች። አንድም ቀለም ለቀቀ፤ ቀይ ጥለት ከነጩ ጋር ሲታጠብ እንደሚያበላሸው። ይህችን ምሳሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የጻፈው ሌላ ነበር፣ ልጅ የማይገባው።»

ላቀው ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ይሮጥ ጀመር። ስልኩን አውጥቶ የጫነውን መዝገበ ቃላት ከፈተና አጠገቡ አስቀመጠው። አንድ አንዱን እየሰረቀ ያመሳክራል። ካሣነሽ ማመሳከሩን አይታለች፤ እንዳላየች ሆና ቀጠለች። ሃያን አለፈች። ሠላሳን አለፈች።

«ሠላሳ አራት። አንድም የዶሮ አጥር።»

«ይችስ አይመስለኝም እትዬ» አለ ላቀው በትሕትና። «ዶሮና አጥር ከሩጫ ጋር ምን አገናኛቸው?»

«ዶሮዎቹ ወዲያ ወዲህ እንዲሉበት የሚታጠር ነው። ስልክህን ጠይቀዋ፤ ሲያዝንልህ ይነግርሃል።»

ላቀው ስልኩን በጣቱ ገፋ፣ ገፋ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «አለ! እኔ ራሴ አላውቃትም ነበር።»

«እንዴት አይኖርም? ልጄ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት እያለች አርባ ደረሰች። አርባ አንድን አለች። ከዚያ «አርባ ሦስት» አለች።

ላቀው ብዕሩን አነሣ። «አርባ ሁለትስ?»

«የለችም። ዝለላት።»

«ረስተዋት ነው?»

«እኔ አልረሳም! አላነበበልኝም። ‹አልጠራችም› አለኝ። ባዶውን ተወውና አርባ ሦስትን ጻፍ።»

ላቀው ግን ስልኩን አነሣ። የጻፈውን በብዕሩ ጫፍ እያመላከተ፣ ስልኩ ላይ ያለውን እየገፋ፣ ያልተነሣ ፍቺ ይፈልግ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ፊቱም ተለወጠ። ስልኩን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«አዎ፣ ባዶ ብትሆን ይሻላል» አለ።

«ምን አገኘህ?»

«ምንም እትዬ።»

«አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ፈዟል እንጂ አልጠፋም። ያገኘኸውን አንብበው።»

«እትዬ ካሣነሽ፣ ይቅር።»

«አንብበው ነው የምልህ! አርባ ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ፊት ለፊቴ አትደብቀኝም።»

ላቀው ወደ ደጅ እያየ ተናገረ። «አንድም ከአባት ወደ ልጅ ወረደ። በሽታ በዘር ሲሄድ… ያ በሽታ በቤተሰቡ ውስጥ ራን ያደርጋል ይላሉ። ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ በመጨረሻው ሰሞን ባንተአምላክ ይህቺኑ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀምሮ አጥፍቷታል። ልጆቹ ‹ቲቸር ምን አጠፉ?› ሲሉት ‹ይህቺ ለፈተና አትመጣም› አላቸው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ያኔ አልገባኝም።»

ከደጅ ንፋስ መጥቶ የበሩን ሳንቃ መታው። ካሣነሽ እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው። የካልሲው ላስቲክ ሥጋ ውስጥ ሰምጦ ታያት። የየኔታ እግር ታያት። ልጇ ለእሷ ፈርቶ ቃሏን ዘለላት፤ እሷ ለእሱ ፈርታ ብርድ ነው አለች። አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲቱን ነገር ሁለቱም እያወቁ፣ አንዱ ከአንዱ ሲደብቅ ከረመ። ብትጠይቀው ኖሮ ይነግራት ነበር? መንገዱ ሳይዘጋ፣ ገና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሳለ፣ «ተነሥ እንሂድ» ትለው ነበር?

«ጻፋት» አለች በመጨረሻ። «በቁጥሯ ጻፋት። ከመካከል አትጉደል።»

ላቀው ጻፈ። አርባ ሦስተኛዋን ብላ ስትጨርስ የራሱን ደብተር ዘጋ። እሷም ወደ ግራው ኩላብ እያየች ተናገረች፦

«ደብተሩ አልተቃጠለም። ደረቱ ላይ ነው።»

«የማን ደረት?»

«የልጄ። ጸሎቱ ነው ብዬ ሰጠኋቸው፤ ጸሎቱ ነው ብለው ቀበሩት። ጸሎቱ ያ ነው፤ ያውልህ፣ እኔ ቤት ተሰቅሏል።»

ላቀው ወደ ኩላቡ አየ፤ ወደ እሷ አየ። ቀስ ብሎ፦

«እና… ምናልባት ካህናቱን አስፈቅደን ቢቆፈር…» አለ።

«ልጄ ድንች ነው እንዴ የሚቆፈረው?»

«ይቅርታ እትዬ።»

«ተወው። አንተ ክፉ አይደለህም፤ ዓይንህ ነው ባለጌ።» ነጠላዋን አጣፋች። «ያን ማኅደር አውርድልኝ። እጄ አይደርስም።»

ይደርሳል። ግን በዚያች ሰዓት እጇን ያን ያህል ማንሣት አልቻለችም።

ላቀው አብሯት እንዲሄድ ለመናት፤ እንቢ አለችው። ማኅደሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ብቻዋን ወጣች። ሜዳው ላይ የታጨደው ገብስ ተከምሯል፤ የሚወቃው ሰው ግን በየቦታው አንዳንድ ነው። ባሏ አርባ ዓመት በተመላለሱባት ቀጭን መንገድ ወደ ደብሩ ወጣች።

መሪጌታ ፊልጶስ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር፣ በየኔታ ወንበር ላይ ተቀምጦ አምስት ስድስት ደቀ መዛሙርት ያስተምራል። ሲያያት ከመቀመጫው ብድግ አለላትና ተቀመጠ።

«እሜቴ! ምነው በዚህ ብርድ? ልከው ማስጠራት ነበር እንጂ።»

«አልልክም። የሚላክልኝ ሞቷል» አለች። ማተቧን ዳሰሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ፦ «መሪጌታ፣ ደብተሩን አቃጠለችው ብለዋል አሉ።»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ ሳል ሳል አለው። «ጨዋታ ነው እሜቴ። ሰው ደግሞ ያበዛዋል…»

«የት እንዳለ ልንገርዎት?»

«ተገኘ እንዴ?»

«አልጠፋም። እርስዎ ነዎት የቀበሩት፤ በእጅዎ፣ ከሳሙት በኋላ።»

ነጠላውን ገልጣ ማኅደሩን ወንበሩ ሥር አኖረችው። መሪጌታ ፊልጶስ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ። ብራናው ብቅ ሲል የመምህሩን እጅ አወቀው። 

«እርስዎ እኮ ነዎት የሰጡኝ» አለ ቀና ሳይል።

«ሰጠሁ! ጥፋቴን አልክድም። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ሁለቱ ማኅደር ለእኔ አንድ ነው። ጠዋት ልጄን ሬሳ ሆኖ ያገኘሁ ሴት ነኝ፤ ዓይኔ አያይም ነበር። አንተስ? አንተ የቆጠርከው ፊደል የት ሄዶ ነበር?»

«አንተ» ስትለው ተማሪዎቹ ተያዩ። ደበሎው በፈላ ውሃ ከተቀቀለበት ቀን ወዲህ እንዲህ ብላው አታውቅም።

«ሰሞኑ ክፉ ነበር እሜቴ፤ ያውቁታል። ተጣድፈን…»

«ለመሳም ጊዜ አገኘህ፤ ለመፍታት አጣህ? አንዲት ጠፍር እኮ ናት። እንደምታነብ አውቄ ነው የሰጠሁህ። ስትስመው ያየኸው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። እኔ ባላውቅ አላወቅሁም፤ አንተ እያወቅህ ሳታይ ቀበርህ። ከዚያ ጠላ ላይ ተቀምጠህ እኔን እሳት ውስጥ ከተትከኝ።»

መሪጌታ ብራናውን ጉልበቱ ላይ እንደዘረጋ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። «ፍትሐቱ ተደርጎለታል» አለ። «እግዚአብሔር የልብን ያያል። በሰማኒያው ቀን ደግሞ ሰብሰብ ብለን በደንብ እናስበዋለን፤ ያኔ…»

«ሰማኒያ አልጠብቅም። እኔም ለሰማኒያ እደርስ አልደርስ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

ካሣነሽ ወደ መቃብሩ አየች። አፈሩ ገና አልረጋም፤ ላዩ ላይ የተደረደረው ድንጋይ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ሰምጧል። እዚያ ሥር አንዲት ቃል ከነልጆቿ፣ ከነአርባ ሁለተኛዋ፣ ደረቱ ላይ ተኝታለች። ትተኛ። ደብተሩን ስትሰጥ መርጣ አልነበረም፤ ግን ልጇ በመጨረሻ ይዞት የነበረው ደብተሩን ነው። የአባቱ ቃል ግን ይድረሰው።

«ተነሥ» አለችው። «ይህን ብራና ያዝና መቃብሩ ራስጌ ቁም። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረህ እስከ መጨረሻው ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት። ግዕዙን ብቻ አንብበህ እንዳታመልጠኝ፤ አንድም እያልህ ፍታው፣ እሱም እኔም እንስማ። የሚያስፈራ ቢመጣ፣ የሚያሳፍር ቢመጣ፣ ‹አሮጊቷ ትደነግጣለች› ብለህ አንዲት ቃል እንዳትዘልብኝ። ቆሜ እቆጥርሃለሁ። ተነሥ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!»